ከሁለት እስከ ስምንት

ሊዬዥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጭነት አውሮፕላን ሜዳ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ የካቲት፤ ዝናብ ነው፣ በረዶ ለመሆን የዳዳ።
ከዝዋይ የተጫነው አበባ ወረደ፣ ጋሪ በጋሪ ላይ፣
እንቡጡ ሳይፈታ፣ ጠሉን እንደያዘ፣ ሙቀት ሳያይ፤
ከማሳው እስከዚህ ብርዱ አልተቋረጠበትም ላንድ አፍታ፣
እንደ አራስ ተሸፋፍኖ፣ እንደ ሙሽራ ታጅቦ በተርታ።
ለፍቅረኞች ቀን ሦስት ሌሊት ቀርቶታል፤
አለቃችን ከሰገነቱ «አበባው ይቅደም!» ይላል፤
አበባው ይቀድማል።

ስድስተኛው በር፣ እጃችንን ከምናሞቅበት ማሞቂያ ሥር፣
አንድ ጭነት ቆሟል፣ እንደ ጠያቂ አልባ እስረኛ ዝም ብሎ ሊያድር።
ብርማ ልባሱን ገለጥ አድርጌ አነበብኩ፦
ኦክሲቶሲን። ለወላዶች። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ።
ጎኑ ላይ ብልጭ የምትል ቢጫ ዐይን፣ ሙቀት ቆጣሪ፤
ሰባት ነጥብ አንድ።
ሰባት ነጥብ ሦስት።
«ቀዝቃዛው ክፍል ሞልቷል» አለኝ ዢስላን፣ ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ፣ ጓንቱን እየነከሰ፤
«ፈርሚና ተዪው፤ ሲነጋ ቦታ አይጠፋም፤ እስኪነጋ ማን አለቀሰ?»

ሲነጋ።

እማዋይሽም ስትሄድ ሊነጋ ነበር።
ቋራ ነው፣ ግንቦት ነው፣ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሌሊትም ይግላል፣
ማቀዝቀዣው ቀጥ ካለ ሰንብቷል፤ ጋዝ የለም፤ ጋዝ ይመጣል ተብሏል።
ልጅቷ አለቀሰች። ከደጅ ሦስት ጊዜ ዕልል አሉ።
«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልል አፌን ስከፍት
ደሙ ቀደመኝ።
አንድ ብልቃጥ ወጋኋት፤ ሁለት፤ ሦስት፤
ማህፀኗን በመዳፌ ባሸው ባሸው እንደ ሊጥ ላላ፣
ጠነከረ ስል ይከዳኛል፤ አልጋው ቀይ ለበሰ፣ ወለሉም ተሞላ።
«እግሬን በረደኝ» አለች፣ በዚያ ሐሩር።
ሌላ አላለችም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እጄን ከሰስኩ፣ በእጄ ፈረድኩበት፤
ብልቃጡን ማን ይጠረጥራል? እንደ ምንጭ ጠርቶ፣ ስሙ ተጽፎበት።
መንገድ ላይ ሞቆ፣ መጋዘን ውስጥ ሞቆ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ
ውሃ ነበር፣ ያውም ጥም የማይቆርጥ።
ይህን የነገሩኝ እዚሁ ነው፣ በሥልጠና ክፍል፣ ከሻይና ከብስኩት ጋር፣ በዘጠነኛው ዓመት።
አሠልጣኙ ወደ ሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።
እኔ እዚያው ቀረሁ።

ሰባት ነጥብ ስድስት።

አልፈረምኩም።
የቀዝቃዛውን ክፍል በር ከፍቼ ሁለት ጋሪ ጽጌረዳ ጎተትኩ፤
የወንዜን ልጅ ከአልጋ እንዳስነሳሁ ቅር አለኝ፤ ግን ጎተትኩ።
ዢስላን አየኝ፣ አየኝ፤ ከዚያ ጓንቱን አጠለቀ፣
ጭነቱን እንደ ተኛ ሕፃን አንስቶ ወደ ብርዱ ዘለቀ።
ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።
አምስት ነጥብ ሁለት።
ዐይኗ አረንጓዴ ሆነ።

ማለዳ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ በማኅተም፣ በጨዋ ፈረንሳይኛ፤
ሁለት ጋሪ አበባ ያለ ጊዜው ፈነዳ ይላል። እውነቱን ነው፤ አያሻውም ዳኛ።
እሱን አልፈራም። የምፈራው ሌላ ነው፦
አውሮፕላኑ ካረፈ ወዲያ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ሳጥኑ በሞተር ብስክሌት፣ ከዚያም በበቅሎ ጀርባ የሚሄድበት፣
ጋዝ ይመጣል የተባለበት።
እስከዚያ እጄ አይደርስም። የኔ ድርሻ አንድ በር ነው፤
እሱን ዘግቼዋለሁ።

አውቶቡሱ መዝ ወንዝን ሲሻገር ጉሙ ገና አልተነሳም።
የት እንዳለሽ አላውቅም፤ ምጥሽም ገና ይሆናል፤
ስምሽን አልነገሩኝ፤ ሳጥን ላይ የወላድ ስም አይጻፍም።
ግንባሬን ከመስኮቱ አስደግፌ «እንኳን...» አልኩ፣
የቀረውን ላዋላጅሽ ተውኩ።