ቆጣሪው

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ
ካርታው ገና ክሩን ይፈትላል፣ ክብ ከክብ እስኪያደርስ።
አንድ ክብ፣ አንድ ፋይል። ስፋቱ፣ የመስመሩ ብዛት።
ቀለሙ፣ የጻፈው ሰው። ክሩ፣ የመደገፍ ምልክት።

አቶ ሽመክት ናቸው ያዘዙኝ፦ «በጀት ጠቧል ዘንድሮ፤
ማን ምን ያህል እንደጻፈ ማሽኑ ይንገረኝ ቆጥሮ።
ሰኞ ጠዋት። በሥዕል።»

ትልቁ ክብ ቀይ ነው፤ የልዑልሰገድ። አሥራ አንድ ሺህ መስመር።
በየስብሰባው ይነሣል።
ማንም አልተደገፈበትም።
ከመስኮቴ ማዶ እንዲህ ያለ ብሎክ አለ፤
እጣው ወጥቶ፣ ቀለሙ ተቀብቶ፣
ማታ አንድ አምፖል የማይበራበት።

የኔ ሰማያዊ ከምስጋናው አረንጓዴ ጋር ተቃቅፏል፤
እኔ እሱን እጠራለሁ፣ እሱ መልሶ እኔን፤
ከግሮሰሪ እንደወጡ ሁለት ሰዎች፣
አንዱ ቢቀመጥ ሁለቱም መሬት።
ስንጽፈው ጓደኝነት መስሎን ነበር።

ከታች ጥግ ላይ ግን አንዲት ግራጫ ነጥብ፣
አጉልቼ፣ አጉልቼ፣ እንደገና አጉልቼ ያገኘኋት።
ሠላሳ ስምንት መስመር።
የብድሩ ወለድ፣ የቁጠባው ደብተር፣ ቅጣቱ፣ ደረሰኙ፣
የልዑልሰገድ ቀይ እንኳ ሳይቀር
ክራቸውን ወደሷ ያወርዳሉ።

የትርሲት ናት። ጳጉሜን የምትቆጥር፣
በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛዋን ቀን የምትጨምር።
አምና «መስመርሽ አነሰ» ተብላ ሄደች፤
ግራጫው፣ ስሙ ከደመወዝ መዝገብ የወጣ ሰው ቀለም ነው።
ከኮዱ አናት ላይ አንድ ማስታወሻ ትታለች፦
«ትንሽ ናት ብላችሁ አትዝለሏት።»

ልኬቱን ቀየርኩት። ክቡ በመስመር ሳይሆን
በተደገፉበት ብዛት ይስፋ አልኩ።
ነጥቧ አበጠች። ስክሪኑን ሞላች።
ቀዩ ምስር አከለ።
እኔስ? በመስመር ሦስተኛ የነበርኩት
አንድ ክር ብቻ ቀረኝ፤ እሱም የምስጋናው።

አሁን ሁለት ሥዕል አለኝ።
አንደኛው ደመወዜን ያስቀጥላል።

መብራቱ እንደገና ሄደ።
ደረጃው ሥር፣ የአሥራ ሁለት ቤት ሽቦ የሚወጣበት ሣጥን አለ፤
ማን እንደቀጠለው የሚያውቅ የለም።
በጠፋ ቁጥር ብቻ ከየበራችን ብቅ ብለን
በስልክ ብርሃን እናየዋለን።
ቆጣሪ ይሉታል፤
እሱን ግን የቆጠረው የለም።

ባትሪዬ ዘጠኝ ይላል። የትርሲትን ቁጥር አወጣሁ፣
መልሼ ዘጋሁት፤ ምን ልላት?
ታች አንድ ሰው
ሣጥኑን በዱላ ቀስ አድርጎ ይመታል።