ትርፏ ኤስ

ከሆቴል ስገባ፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣
አድቫ ትጠብቃለች ደብተሯን ዘርግታ።
«እማ፣ ዴዘርት ሲባል በረሃ ማለት ነው፤
ዲዘርት፣ ከራት ኋላ፣ ጣፋጩ ነገር ነው፤
ልዩነቱ አንዲት ኤስ፤ ጣፋጩ ሁለት አለው።
ነገ ፈተና አለኝ፣ ጠይቂኝ።»

ሁለቱንም አውቃለሁ።

ከአራድ በአውቶቡስ ጨው ባሕር ወርጄ፣
ክሬም ሲቀባ ነው የሚውለው እጄ፤
በረሃው በመስኮት ቆሞ ያየኛል።

ያኛውን በረሃ፣ ከመተማ ማዶ፣
በሌት ስናቋርጥ፣ ጀሪካኑ ባዶ፣
ወንድሜ አዛናው፣ ስኳር እንዳማረው፣
እዚያው ነው የቀረው።

ይህን አልነገርኳትም።
«በይ ጣፋጩን ጻፊው» ብዬ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አኖርኩ፤
ያችን ትርፍ ኤስ፣ በልቤ፣
የአዛናው ድርሻ ብዬ ቆጠርኩ።