ወጪ

የአዘዞ ትምህርት ቤት፣ ያች ቆርቆሮ ቤቴ፣
ሦስት መደርደሪያ፣ አንድ መዝገብ፣ ማኅተም፤ ይኸው ነው ርስቴ።
ከታች፣ ከካርታው ጎን፣ ጀርባዋን በፕላስተር የጠገንኳት፣
ሽልማት የጠገበች፣ ስድብ ያልራቃት፣
አንዲት ልብ ወለድ ነበረች።

ባሕር ማዶ ስላሉ ጥቁር ሴቶች ናት፤
አንዷ አባቷ የነካት፣
አንዷ ባሏ ጥርሷን ያረገፋት፣
ኖረው ኖረው፣ ዋጥ አድርገው፣
አንድ ጠዋት ወንዝ ዳር፣ ልብስ ሲያጥቡ፣
በገዛ ስማቸው ጮክ ብለው የተጠራሩባት።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ።
አቶ ጓንጉል መነጽሩን ወልውሎ ገጽ አንድን አነበበ፤
ገጽ ሁለት አልደረሰም።
«ገመና ነው!» አለ። «ይህ ለልጅ አይነገርም!»
አጨበጨቡ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጄን አወጣሁ፤
በቀይ ቀለም «ወጪ» ብዬ ጻፍሁ፣ ማኅተም መታሁ።

የጽዳቷ ትርንጎ በር ላይ ነበረች፣
መጥረጊያዋን ተደግፋ። ሰዎቹ ሲወጡ ገባች።
«ምን ይላል?»
«ስለ ጥቁሮች ነው።»
ሣቀች። «እኛስ ታዲያ?»
ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ እየተባባልን ኖረን፣
ጥቁሩን ለጎረቤት ትተን፣
እሷን ግን፣ እዚሁ ግቢ፣ «ጥላሸት» ስንላት ሃያ ዓመት።
አፈርሁ። መጽሐፏን ከካርቶን አውጥቼ ሰጠኋት።
የማታ ክፍል ፊደል የቆጠረችው ትናንት ነው፤
ጣቷ ከመስመሩ አይነሳም።

መጽሐፏ አልተመለሰችም። ወሬዋ ግን ይመጣል፦
አራዳ፣ ሹሩባ ሠሪዋ ውባንች ጉልበት ላይ ታይታለች ይባላል፤
ቀሃ ዳር አንዷ ስታነብ ሌላዋ ስትሰማ
ሳሙና ወንዝ ወስዶታል፤
ኋላም ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ የበርበሬ ተራ ሴቶች
ለሁሉም እንድትዳረስ ምዕራፍ በምዕራፍ ተካፍለዋታል።
«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ያለ ሰው
እዚያ ተራ ገብቶ አያውቅም።

ትናንት የአቶ ጓንጉል ልጅ መጣች፣ ያለምዘርፍ፣
የዘጠነኛ ክፍል፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ።
ቆመች። ካርታውን አየች። ጣሪያውን አየች።
«አባዬ» አለች፣ «ገጽ አንድ ላይ ለምን ቆመ?»

መልስ አልነበረኝም። መዝገቡን ዘጋሁ።
«ቅዳሜ የበርበሬ ተራ ሂጂ፣ ትርንጎን ጠይቂ።
ገጹ ያስነጥሳል፤ ታገሺ።
ብታለቅሺም
በርበሬው ነው በይ።»