አንድ ሜትር ተኩል

ቁልፉ ዝጎ ጠበቀኝ፣ በዘይት ለመንሁት፤
ከዓመት በኋላ ነው ሱቁን የከፈትሁት።
አራዳ፣ ምድር ቤት፣ ከወፍጮው አጠገብ፣
አሥራ ሁለት ሲንጀር፣ ጉልበት ለጉልበት፣
አንዱ ቢያስነጥስ የሌላው ክር የሚበጠስ፣
በአንዲት መስኮት አየር አሥራ ሦስት ነፍስ።

ራቁ ተብለናል፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ፤
ተንበርክኬ ለካሁት ወለሉን፣ እንደሚዘረጋ ስጋጃ።
ግን አንድ ሜትር ተኩል ነው የልብስ ሰፊ ሜትር፤
ሰው ያለብሳል እንጂ ሰው አያርቅም ነበር።
በስንዝር ጨምሬ፣ በስንዝር ቀጥዬ
ስድስቱን ጓዳ ከተትሁ፣ ስድስቱን ነጥዬ።
ደንበኛው ወገቡን ራሱ ለክቶ ከበር ላይ ይጮኻል፤
ሁሉም ሁለት ሳንቲም ይዋሻል።

የኑርሁሴንን መኪና ግን ከቦታው አልነካሁም።
ክሩ ከመርፌው አልወጣም፣
የጀመረው እጅጌ ከጥርሱ አልተላቀቀም።
ቀብሩ አዲስ ዓለም ነበር፤ ከሩቅ ቆመን፣
በዓይናችን አፈር አልብሰን፣
እጅ ሳንጨባበጥ ተበተንን።

የተጠራው መጣ፤ አዛናው ባጃጁን ለባለቤቱ መልሶ፣
እንዬም ከወገራ፣ ጫማዋ ጭቃ ልሶ።
ውባንቺ ብቻ ቀረች፣
ሱቁ የተዘጋ ለት መኪናዋን በጋሪ ሳሙና በር የወሰደች።
«ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት!» አልኋት በስልክ፣ ቆጣ ብዬ።
ከድምፅዋ ኋላ መርፌ ይሮጣል፣ ሕፃን ይስቃል፤
«ሥራውስ ይመጣል፤
ሰዓቴ ነው የማይመጣልዎት፣ ጋሼ ቢያድግልኝ።»

ሠላሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ሰዓት ስቆጥር የኖርሁ፣
ያላየሁትን ላብ እንዴት ብዬ እከፍላለሁ?
ማክሰኞ ገመድ ገዛሁ፤
መኪናዬን ላስመልስ ሳሙና በር ሄድሁ።

አርባ የተማሪ ኮሌታ ተደርድሮ አገኘሁ።
ልብስ የሚታወቀው ሲገለበጥ ነውና ገለበጥሁ።
መስመሩ ውሃ ልክ።
እንደገና ገለበጥሁ፤ እንከን ፈልጌ አጣሁ፣
ገመዱንም ከኪሴ ሳላወጣ ተቀመጥሁ።

የልጇን ደብተር ከፍታ ሰጠችኝ፦
መብራት። ክር። ዘይት። ሁለት የተሰበረ መርፌ።
ማን ይክፈለው አላለችም።
ከሥሩ፣ በቀይ፣ የአምናው ጥር ሒሳብ፦
«በሳልሁ ጊዜ የተቆረጠብኝ፣ ሦስት ቀን።»

ከዚያ ወዲያ እኮ ነው ኑርሁሴን
አፉን በክንዱ ይዞ እያሳለ የመጣ።
አይቼዋለሁ። ሰዓቴንም አይቼ ነበር፤
በሰዓቱ ነው የመጣ።

ስንቱን ወገብ ለክቼ፣ ስንቱን ትከሻ፣
የራሴን ልክ ያወቅሁ በልጅ ደብተር መጨረሻ።
«ልክ ነሽ» አልኋት።

መብራቱም ክሩም በእኔ፣ ክፍያው በኮሌታ ሆነ።
ግን ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤ ይህን እሷም አልካደች፤
አዛናው እጇን በስልክ ቀርፆ፣ ደጋግሞ አይቶ፣
ኮሌታ ሰፋልን፣ ፊቱን ከጀርባ አጋብቶ።
አሁን አጠገቡ ቆማ አውራ ጣቱን በአውራ ጣቷ ትገፋለታለች፤
«እዚህ ጋ አትቸኩል» ትላለች።

ሁሉም አልሰመረም። የእንዬ ሁለት ሰዓት
ዛሬም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።
እኔም የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ መሳቢያ ከተትሁት፣
ዓይኔ ግን ባዶውን አንጓ ማየት አልተወም።

ትናንት አዛናው ሳለ።
መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ሁሉም ወደ እኔ አየ።
«የሳለ ይቅር» አልሁት፣ «ደሞዙ ግን አይቅር።»
ኮቱን ለበሰ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ
የቀረውን እስክናገር ዞሮ እያየኝ ጠበቀ፤
የቀረ አልነበረኝም።
ከሄደ በኋላ፣ ወደዚያ እጅጌ ዞሬ፣ በቀስታ፣
«ይቅር» አልሁ ደግሜ፤
ይኼኛው ለአዛናው አልነበረም።