በአንደኛ ማርሽ

ይመር ተሳቢውን ኮምቦልቻ አቁሞ
በሚኒባስ መጣ፣ ሐረጎን አዝግሞ።
ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣
አንድ ሲዲ አወጣ፣
«ጌጡ፣ እስቲ ይቺን አስነሣልኝ» ብሎ።

ተጭራለች ሲዲዋ። ከላይ በእስክሪብቶ
«መኪና» ይላታል፣ ፊደሉ ተጎትቶ፤
የኑርዬ እጅ ነው። የ«ና»ን እግር ሲጥል
ወደ ግራ ይስባል፣
መሪው እንደላላ አሮጌ አውቶሞቢል።

ሰኞ ገበያ ጀርባ፣ ያ የቆርቆሮ ቤት፣
በሃምሳ ሳንቲም ሃያ ደቂቃ የሚሸጥበት፤
አንድ ወንበር ለሦስት፣
ይመር መሪ ይዞ፣ ኑርዬ ነዳጅ ሰጥቶ፣
እኔ ከመሃል ሆኜ
«ግራ! ግራ!» ስል ድምፄ ተዘግቶ።
መንጃ ፈቃድ ሳይኖር ስንት አገር ዞርን!

አሁን ግን ላፕቶፑ፣ ከዱባይ የመጣው፣
ስስ ነው፣ ያብረቀርቃል፤
ሲዲ የሚጎርስበት አፍ እንኳን የለው።
ከጋሽ ውብሸት ፎቶ ቤት ማንበቢያ ተዋስኩ፣
አቧራዋን እፍ ብዬ ሲዲዋን አጎረስኩ።

«ይህ ፕሮግራም ከዚህ ኮምፒውተር ጋር አይስማማም» አለኝ፣
ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ባል፣ ምክንያቱን ሳይነግረኝ።
ማስተካከያውን ከፍቼ ዕድሜውን ዋሸሁት፤
«ዘመኑ ያኔ ነው፣ አንተም ያኔ ነህ» አልኩት።
ጠቆረ መስኮቱ። ቆየ። ድምፅ መጣ፤
መኪና የሌለው ሞተር ከጨለማው ወጣ።
ይመር ጆሮውን ጣል አድርጎ፣ «እሷ ናት» አለኝ፣
«ናፍጣ አይደለም፣ ቤንዚን ነው። አብሽር፣ ቀጥልልኝ።»

ሻያችን ቀዘቀዘ። የቧንቧ ውሃ ጉም ሱቄን ከበበው፤
ጦሳም የለ፣ አስፋልቱም የለ፤
ያለን ይኸው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው።
ቀለሙን ቀነስኩ፣ መስኮቱን አጠበብኩ፣
ከዚያ ድንገት
ቀይዋ መኪና፣ ዘንባባው፣ የባሕሩ ዳር፣
ረግጠነው የማናውቅ፣ በቃላችን የያዝነው አገር!

ይመር ቁልፉን ነካ።
እልም።
ከገደል ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ መነሻ፣
ሦስት ዙር በአንድ ትንፋሽ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤
ይቺ ለመልቀሚያም ጊዜ አጣች።
«ምን አጠጣሃት?»

ነገርኩት። ያኔ ጌሙን የሠሩት ሰዎች
የኮምፒውተሩን የልብ ምት ቆጥረው ነው
መኪናዋን ያራመዷት፤ አንድ ምት፣ አንድ ስንዝር።
የዛሬው ልብ ይከንፋል።

ዝም አለ። መዳፉን አየ፣ መሪ ያሻከረውን።
«አርባ ቶን ጭኜ ሐረጎን ስወርድ
ፍሬን አላምንም፤ ይግላል፣ ይከዳል።
በአንደኛ ማርሽ ነው፣
ሞተሩ ራሱን በራሱ ይይዛል።
ያንተ ዕቃስ ማርሽ የለውም?»

ነበረው።
አንዲት ትንሽ ፕሮግራም፣ በአዲሱ ሆድ ውስጥ
አሮጌ ኮምፒውተር የምታስቀምጥ፤
ፍጥነቱን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ገና ዝቅ...
ያ ሁሉ ብር የወጣበት ጉልበት
እንዲያዘግም ተለመነ።

ዘንባባው አለፈ፣ አንድ በአንድ።
ይመር ትከሻውን ከመኪናዋ ጋር አዘመመ።
እኔም «ግራ!» አልኩ፣ ሳላስበው።
ነዳጅ የሚሰጥ ግን አልነበረም፤
ያንን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይመር ደርቦ ያዘው።

ሲያልቅ የስም ዝርዝር መጣ፤
ፋብሪካው የሞላቸው፣ የማናውቃቸው ሰዎች።
ኑርዬ አንደኛ የወጣበት ቁጥር
ከኮምፒውተሩ ጋር ቀርቷል፣
ኮምፒውተሩ ከቤቱ፣ ቤቱ መንገድ ሲሰፋ።

ፋይሉን ከፈትኩ፣ በእጄ ልጽፍለት።
«ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ነበር።»
«አርባ አንድ! ምስክር አለኝ።»
ምስክሩ ጅዳ ነው። የድምፅ መልእክት ላክን።

ጉሙ ሲገለጥ፣ በር ላይ ረዳቱ
«ኮምቦልቻ! የሞላ!» ሲል መልሱ ገባ፤
ከኋላው የመጋዘን ጫጫታ፣ ከፊቱ ሳቅ፦
«ሁለታችሁም ሌቦች! ሃምሳ ሺህ ነው። ጻፉት።»

ውሸቱን ነው።
ጻፍነው።