የጎማ ቀለበት

ሻንጣህን ከታንኳው ጎንበስ ብዬ ሳነሳ
ምን እንደምትፈራ ክብደቱ ነው የሚያወሳ።
ኦቤት እባላለሁ፣ በሶሮንግ ወደብ ዳር
አሥራ ሁለት ዓመት ከኮምፕሬሰር ጋር፤
በሁለት መቶ ባር ልክ ሌሊቱን ስመትር
የማላውቀውን ሰው ትንፋሽ ስቋጥር።

እና ስትመጣ ምከረኝ ካልኸኝ፦
ጠንካራ ሻንጣ አትግዛ፣ አልጋው ሥር አይገባልኝ፤
የሚተጣጠፍ ይሁን፣ እንደ እህል ከረጢት፣
ባዶውን ሲቀር የሚተኛ
ከፍራሽህ ግርጌ እንደ ድመት።

ጫማ አንድ ይበቃሃል፣ እስከ መሰላሉ፤
ከዚያ ወዲያ ለአሥር ቀን
የባንክ አለቃው ቆዳና የወጥቤቱ ሸበጥ
አንድ ቅርጫት ገብተው ተቃቅፈው ይውላሉ።

ጸጉር ማድረቂያ ይቅር። ጄኔሬተሩ አርጅቷል፣
አንዴ ካስነጠሰው መብራት ሁሉ ይጠፋል።
የጆሮ መድፈኛ ያዝ፤ ማታ ኮምፕሬሰሬ ያጓራል፣
ሲደክመው ዝም ይላል፤
ያኔ የኔ ማንኮራፋት ይጀምራል።
የማቅለሽለሽ ክኒንህን ማዕበል ሳይመጣ ዋጠው፣
ከመጣ በኋላ ለዓሣ ነው የምትሰጠው።

"በምድር ወገብ ላይ ሹራብ!" ብለህ አትሳቅብኝ፤
ከሌሊት መጥለቅ ወጥተህ ነፋሱ ሲዳብስህ
ጥርስህ እየተንቀጫቀጨ ነው የምታስታውሰኝ።
ፊሽካና ብርቱካናማ ፊኛ ከጎንህ አይለዩ፤
ጅረት የወሰደህ እንደሁ፣ ያለ እነሱ ዓይኖቻችን
ራስህን ከተንሳፋፊ ኮኮናት አይለዩ።

የኔ ጓዝ? አንድ ፌስታል።
ሁለት ቁምጣ፣ የማኝከው ፒናንግ፣
የልጄ የሂሳብ ደብተር፤
ሲሊንደር እስኪሞላ ማካፈሏን ላርምላት፣
ቀሪውን ሁልጊዜ ትረሳለች።

ከሁሉ ግን ትንሿን፣ ጥቁሯን፣ የጎማ ቀለበት፣
ሲሊንደሩ አንገት ላይ ጎንበስ ብላ የምትኖርበት፣
ከአንድ የሙዝ ጥብስ ዋጋ በታች የምትሸጠውን፣
አሥር አሥራ አምስት ያዝ።
እሷ የተሰነጠቀች ቀን
ስንት የከፈልህበት ባሕር ፉጨት ሆኖ ይቀራል።

የጣትህን ግን ቤት ተዋት። የወርቋን ማለቴ ነው።
ጣት ከውኃ በታች ይከሳል።

ኤስበን የሚሉት ነበር፣ ከዴንማርክ፣ ቁመተ ሎጋ፣
"ሠላሳ ዓመት ወልቃ አታውቅም" ብሎኝ ወረደ፤
ከማንስዋር ማዶ፣ ጅረቱ በበረታበት፣
በሃያ ሜትር ላይ እጁን ሲዘረጋ
ወርቋ ሾልካ ወጣች፣ እንደ ግልገል ዓሣ ብልጭ አለች፣
አንዴ ዞረች፣
ሁለቴ፣
ከሰማያዊው ገባች።
መሪያችን ዶርቼ የእግሩን ክንፍ ጨብጣ ባታስቀረው
አየሩን ሳያይ ተከትሏት ነበር የሚቀረው።

ማታ ላ ሁዳ ያቀረበለትን ቱና አልነካም።
ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ፣
ባዶ ጣቱን እንደ ሰው ጣት እያገላበጠ።
"ለሚስቴ ምን እላታለሁ?" አለኝ።

እኔ ምክር አላውቅም።
የማውቀው የሚያፈስን መድፈን ነው።
ሳጥኔን ከፈትሁ፣ አንዷን መረጥሁ፣
ቅባት ቀባኋት፣ ጣቱ ላይ አጠለቅሁ።
"ሁለት መቶ ባር የያዘች" አልሁት፣
"አንድ ትዳር ያቅታታል?"
ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ ቱናውን በላ።

በዓመቱ ያው ታንኳ ሲጠጋ
ኤስበን ቆሟል፤ ከጎኑ አንዲት ሴት፣
ነጭ ጸጉር፣ አንድ ትንሽ ከረጢት፣ በጣም ቀላል፤
ይህቺ ብዙም አትፈራ ብዬ ሳነሳው፣
መሰላሉ ላይ እንዳትወድቅ እጇን ስይዝ
ጣቷ ላይ ወርቅ የለም።
ጥቁር ነው። ጎማ።

ሻንጣውን አስቀመጥሁ።
እሷም ጫማዋን ቅርጫቱ ውስጥ እየጣለች፣
"ኦቤት አንተ ነህ?
ይቺኛዋ ትንሽ ሰፋኝ፤
መለዋወጫ አለህ?" አለች።