ብረቱ ሳይቆረጥ

ብረቱ ሳይቆረጥ፣ ብሎኑ ሳይጠብቅ፣
ገና በወረቀት፣ ገና በእርሳስ ጫፍ፣
ትንፋሹ በየት ይውጣ እያልሁ ስጨነቅ፣
ባሕር ዳር ይነጋል፣ ጨለማው ሲገፈፍ።

ሻለቃ ደመላሽ ቆየና ዝም ብሎ ሲያይ
ጣቱን አሳረፈ ከንድፌ ጀርባ ላይ፦
«ቅጠል ብታለብሺው፣ ጭቃ ብትቀቢው፣ ያ ለሰው ዓይን ነው፤
ሙቀት የሚያይ መነጽር ቀለም አያታልለው።
ይህን የጋለ ቧንቧ ከማዶ ተራራ እንደ ፋኖስ ያያል፤
ኋላ ልሸፍን ብትይ ክብደት ይጨምራል፣ ሞተሩም ይታፈናል።
አሁን ነው ማሰቢያው፤
ልጅ በማህፀን ነው መልኩን የሚይዘው።»

ቧንቧውን ሳብሁና ከጣሪያ አወረድሁት፣
በሁለት ላሜራ መሐል አሳለፍሁት፣
ከውጭ በቀዳሁት አየር ቀላቀልሁት።
ራዲያተሩ ጮኸ፦ «እኔስ የት ልተንፍስ?»
ሰንሰለቱም አለ፣ ገና ሲንቀሳቀስ
ከመንኮራኩሩ ሲፋተግ፣ ሲታመስ
የሚግል። ግንባሩ ቀን የጠጣው ፀሐይ
ሲመሽ ይተፋዋል፣ በቀዘቀዘ ሜዳ ላይ።
አንዱን ስደፍነው በሌላው ይወጣል፤
ናፍጣ ከነደደ የት ገብቶ ይቀራል?

አጎቴ አንሙት ትዝ አለኝ፦
ከአዲስ ቅዳም በላይ፣ ዲከረንስ ከበቀለበት
እንጨት ይከምራል፣ ሣር ያለብሳል፣ አፈር ይመልስበታል፣ ሊያከስልበት።
እኔ ጠባቂ ነኝ፤ አካፋ በእጄ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ፣
ጭስ ባየሁበት ሁሉ ልደፍን የታዘዝሁኝ።
ደፈንሁ። በዚያ ወጣ።
ደፈንሁ። ከእግሬ ሥር መጣ።
አንሙት ሳቀብኝ፣ በጥላሸት ፊቱ፦
«ተዪው፣ አትልፊ በከንቱ።
እሳት አይደበቅም፣ ይዘገያል እንጂ፤
መውጫውን ሳትለኩሺ፣ ቀድመሽ አበጂ።»

ኅዳር ላይ፣ እንጅባራ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር
ናሙናውን አቆምነው፣ ከባሕር ዛፍ ሥር።
ሞተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያጓራ አምሽቶ፣
ሻለቃው መነጽሩን አነሣ፤ ዝም አለ፣ ቆይቶ፦
«ላሚቷን አየኋት፤ ጥጃዋንም፤ የውሻውን ጆሮ፤
መኪናሽ የት አለ? ወዴት ገባ ዘንድሮ?»

ተቀብዬ አየሁ። በግራጫ መሐል ግራጫ፣
አለት የመሰለ፣ የሌለው መለያ፣ የሌለው መውጫ።
በሩ ላይ ግን አንድ ነገር ቦግ ብሏል፤
አምስት ጣት። መዳፍ። ሾፌሩ ይበልጣል
ሲወርድ የነካው ነው፤ ገና ያበራል።
ነጭ እጅ፣ በጥቁር ብረት፣ እየደበዘዘ፣
ሰላምታ ይመስል፣ ቀስ እያለ የቀዘቀዘ።

«ይሄማ ምንም አይደል፣ ይጠፋል» አለኝ ሻለቃው፤
እውነቱን ነው፤ ጠፋም፤ እኔ ግን ከንድፉ ጥግ በእርሳስ ሣልሁት፣ ያን እጅ፣ እንዳለው፤
ቁጥር አልሰጠሁትም።

ይበልጣል ከማዶ መጣ፣ መዳፉን እያሻሸ፣
በመነጽሩ ውስጥ ፊቱ እንደ ምድጃ እየነደደ፣ ሜዳውን እየጣሰ።
«እንሂድ?» አለኝ። «ብርድ ነው።»